የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎችና የምርምር መረጃ ቋቶች አጠቃቀም

የምርምር መረጃ ቋት (ዳታቤዝ) የታተሙ የጥናት ጽሑፎች፣ የመመረቂያ ሥራዎችና የመጻሕፍት ዝርዝሮች በርዕስ፣ በደራሲና በዓመት ተደራጅተው የሚገኙበት የኤሌክትሮኒክስ ስብስብ ነው። ከተለመደው የኢንተርኔት ፍለጋ በዋናነት የሚለየው እያንዳንዱን ጽሑፍ ማን፣ መቼና የት እንዳሳተመው ተመዝግቦ በመቀመጡ ነው። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የፕሮጀክት ሥራ ሲሰጣቸው በመጀመሪያ ያገኙትን ገጽ ከመገልበጥ ይልቅ ይህን መንገድ ሊለማመዱ ይገባል።

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ሸጎሌ አካባቢ ለሚማር ተማሪ «ባሕር ዛፍ በእንጦጦ የውኃ ምንጮች ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ ተሰጠው እንበል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ይህ ዛፍ ብዙ የተጠና ነው። ሆኖም ተማሪው ርዕሱን እንዳለ ቢጽፈው ጥቂት ውጤት ብቻ ሊያገኝ፣ አልፎ አልፎም ምንም ላያገኝ ይችላል።

የመጀመሪያው ምክንያት ፊደል ነው። «ባሕር» በሐመሩ ሐ፣ «ባህር» በሃሌታው ሀ ይጻፋል፤ «ውኃ»ም «ውሃ» ተብሎ ይገኛል። ለአንባቢ አንድ የሆኑት ቃላት ለብዙ የፍለጋ ሥርዓቶች የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱንም አጻጻፍ በየተራ መሞከር ያስፈልጋል። በላቲን ፊደልም ችግሩ አይቀርም፤ «ጉለሌ» በአንድ «ኤል»ም በሁለት «ኤል»ም ተጽፎ ይገኛል። አብዛኞቹ ጥናቶች በእንግሊዝኛ የተጻፉ በመሆናቸው የዛፉን ሳይንሳዊ ስም መያዝ ይበጃል፤ ነጭ ባሕር ዛፍ «ዩካሊፕተስ ግሎቡለስ» ይባላል።

ሁለተኛው የደራሲ ስም ነው። የውጭ አገር መረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥሩ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በአንዱ ቦታ «ባሕሩ»፣ በሌላው «ዘውዴ» በሚለው ሥር ሊመዘገቡ ይችላሉ። ተማሪው አንዱን ብቻ ሞክሮ መጽሐፉ የለም ብሎ መደምደም የለበትም።

የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ያሳስታል። ሽፋኑ ላይ 1990 ዓ.ም. የተጻፈበት መጽሐፍ በአውሮፓ አቆጣጠር 1997 ወይም 1998 ተብሎ ይመዘገባል። በዓመት ወሰን ፍለጋ የሚያደርግ ተማሪ ይህን የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ካላሰበ የሚፈልገውን ራሱ ያስቀረዋል።

በቤታቸው ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ለሌላቸው ተማሪዎች ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ፍለጋውን በወረቀት መጀመር ነው። ከርዕሱ ሦስት ወይም አራት ዋና ቃላት ይወጣሉ፤ በየአንዳንዱ ትይዩ ሌላው አጻጻፍና የእንግሊዝኛው አቻ ይሰፍራል። በዚህ የእንግሊዝኛ መምህር ወይም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሊያግዝ ይችላል። ዝርዝሩ ከተዘጋጀ በኋላ በኮምፒዩተር ፊት የሚገኘው አጭር ጊዜ ለማንበብ ይውላል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ስለ ከተማይቱና ስለ አካባቢዋ የተሠሩ ጥናቶችን ይዟል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን በኢትዮጵያ የሚታተሙ መጽሔቶችንም ያካትታል። በአካል መሄድ ለሚችሉ በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ከመሄድ በፊት የመግቢያ መስፈርቱንና የአገልግሎት ሰዓቱን ማጣራት ተገቢ ነው።

አንዳንድ ጽሑፎች ክፍያ ይጠይቃሉ። ወላጆች ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አይጠበቅባቸውም፤ የጽሑፉ አኅጽሮት አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይነበባል፣ ለመካከለኛ ደረጃ ሥራም ብዙ ጊዜ ይበቃል። ተማሪው አኅጽሮቱን ብቻ አንብቦ ከሆነ ግን ሙሉውን ጥናት እንዳነበበ አድርጎ መጻፍ የለበትም። ከተጠቀመበት ጽሑፍ የደራሲውን ሙሉ ስም፣ ርዕሱን፣ የታተመበትን ቦታና ዓመት በደብተሩ ይመዘግባል፤ ከዓመቱ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መጻፉን መምህሩ ሊያረጋግጥ ይገባል።