ዱቡሻና የሠራተኛ ቃል

ሠራተኞች ስለ ሥራቸው ሁኔታ በጽሑፍ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ከመመለስ ስለ ምን ይቈጠባሉ? ይህን ነገር ከጋሞ ታሪክ አንጻር እንመለከተዋለን።

በጋሞ ደጋ ሕዝቡ የሚመክርበት አደባባይ ዱቡሻ ይባላል። ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን ያለውን የኦቾሎን ጉባኤ ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ አጥንቶ በ1983 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሞበታል። ጉባኤው በምርቃት ይከፈታል፤ ስምምነት እስኪገኝም ይመከራል። ተናጋሪው ቃሉ ወዴት እንደ ደረሰ በዓይኑ ስለሚያይ ለመናገር ጎትጓች አያሻውም። ሴቶች ግን በአብዛኛው ከዚህ ሸንጎ ውጭ ስለ ነበሩ ዝምታቸው እንደ ስምምነት ሊቈጠር አይገባም።

የፋብሪካ ሠራተኛን መጠየቅ በሌላ አገርም ተሞክሯል። በቺካጎ አጠገብ በነበረው የሆውቶርን ፋብሪካ ከ1928 እስከ 1930 እ.ኤ.አ. ከ20,000 በላይ ሠራተኞች ተጠይቀዋል፤ ጠያቂዎቹም የተዘጋጀውን ዝርዝር ትተው ሠራተኛው የልቡን እንዲናገር መፍቀድ እንደሚሻል ተረድተዋል።

ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። በዱቡሻ ሰው የሚናገረው በአገሩ ሰዎች ፊት ነው፤ በመሥሪያ ቤት ግን እንጀራውን በያዘው አለቃ ፊት ነው። ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ የመላሹ ስም ይሸሸግ፥ የመልሱ ውጤትና በእርሱ የተወሰነው ግን በሠራተኞች ጉባኤ ይነበብ።