የዳሞው ሁለተኛ ገመድ

ደብረ ዳሞ ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ስለ ወፍራሙ ገመድ ነው። ከበሬ ቆዳ የተጎነጎነው ያ ገመድ ከገዳሙ በር እስከ ገደሉ ግርጌ ይንጠለጠላል፤ 15 ሜትር ገደማ የሚሆነው ቀጥ ያለ ዐለት የሚወጣው እሱን በእጅ እየሳቡ፣ ዐለቱን በእግር እየረገጡ ነው። ፎቶ የሚነሣውም እሱ ነው። ከጎኑ ግን ሌላ ገመድ አለ። ይህኛው በእንግዳው ወገብ ላይ ይታሰርና ሌላው ጫፉ ከላይ በሩ ዘንድ በቆመ መነኩሴ እጅ ይሆናል። እንግዳው አንድ እርምጃ ከፍ ሲል መነኩሴው ያንኑ ያህል ይስባል። የእንግዳው ክንድ ቢዝል፣ እግሩ ቢንሸራተት፣ የሚተርፈው በዚህ በሁለተኛው ገመድና በያዘው ሰው ነው። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚህ ገመድና ስለዚህ ሰው ነው።

ደብረ ዳሞ ከአዲግራት በስተምዕራብ፣ ወደ አድዋና አክሱም በሚወስደው መንገድ በኩል የሚገኝ ጫፉ ጠፍጣፋ አምባ ነው። ገዳሙን የመሠረቱት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ እንደሆኑ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ዘመኑም 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ጻድቁ ወደ አምባው የወጡት ዘንዶ ተሸክሟቸው መሆኑን ጥቅምት 14 በዓላቸውን የሚያከብር ሁሉ ያውቃል፤ ሥዕሉም በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አለ። በትውፊቱ ውስጥ ዓይን የማያርፍበት አንድ ነገር ግን አለ። ዘንዶው ጻድቁን ሲያወጣ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን ይዞ ከአጠገባቸው ነበር፤ ዘንዶው ጉዳት እንዳያደርስባቸው። የሚያወጣው አንድ፣ የሚጠብቀው ሌላ ማለት ነው። ገደሉን ዛሬም የሚወጡት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ገመዱ የመጣው ሌላ መላ ስለጠፋ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ዐፄ ገብረ መስቀል ለድንጋይና ለእንጨት ማመላለሻ የሚሆን መወጣጫ ከገደሉ ጋር አያይዘው አስገንብተው እንደነበር፣ ሥራው ሲያልቅ ግን በአቡነ አረጋዊ ትእዛዝ እንደፈረሰ ይነገራል። ምቹ መንገድ ነበረ፤ ሆን ተብሎ ተተወ። ከዚያ ወዲህ ሰውም፣ እህልም፣ መጽሐፍም ወደ ላይ የሚወጣው በሰው ክንድ እየተሳበ ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጣሊያናዊው ተመራማሪ አንቶኒዮ ሞርዲኒ በዚያ የተገኙ ከ100 በላይ የኩሻን መንግሥት የወርቅ ሳንቲሞችን ለዓለም አስታውቋል። ከሰሜን ህንድ ተነሥቶ ባሕር የተሻገረ ወርቅ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች የተጓዘው በዚህ ገደል ላይ መሆኑን ሳስብ እጅግ ይደንቀኛል።

አምባው መሸሸጊያ የሆነበትን ጊዜም ታሪክ መዝግቧል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከግራኝ አሕመድ ሠራዊት ሲሸሹ ኖረው በ1540 እ.ኤ.አ. ያረፉትና የተቀበሩት ደብረ ዳሞ ነው። በቀጣዩ ዓመት በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚመሩት 400 ፖርቱጋሎች ለርዳታ በምጽዋ በኩል ሲገቡ የንጉሡ ባለቤት ንግሥት ሰብለ ወንጌል በአምባው ተጠልለው ነበር፤ ወርደው የተቀላቀሏቸውም ከዚያ ነው። ከዘማቾቹ አንዱ የነበረው ሚጌል ደ ካስታንሆሶ በጻፈው ታሪክ ሰዎች ወደ አምባው የሚወጡት በቅርጫት ሆነው በገመድ እየተሳቡ እንደነበር ገልጿል። ሴት በማትወጣበት ገዳም ንግሥት መጠለሏ የዘመኑን ጭንቀት ያሳያል። ገደሉ ለዘመናት ጦር መክቷል፤ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ጦርነት ግን የመድፍ ጦርነት ነበርና ገዳሙን ሳይጎዳው አላለፈም።

ወደ ሁለተኛው ገመድ ልመለስ። አውሮፓውያን ተራራ መውጣትን ስፖርት ያደረጉት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ገመድን በቅጡ መያዝን የተማሩት ግን ብዙ ሰው ገብረው ነው። በሐምሌ 1865 እ.ኤ.አ. ሰባት ሰዎች ማተርሆርን የተባለውን የአልፕስ ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ። ሲወርዱ አንዱ ተንሸራተተ፤ ሁሉም በገመድ ተያይዘው ስለነበር ሌሎቹንም ይዞ ወረደ። በመካከል የነበረው ገመድ ተበጠሰና አራቱ ሞቱ። የተበጠሰው ይዘዋቸው ከነበሩት ገመዶች ሁሉ ደካማው ነበር። ሰው ከሰው ጋር መታሰሩ ብቻውን ደኅንነት እንዳልሆነ፣ የሚይዘው ሰው በጽኑ ቦታ ተደላድሎ መቀመጥ እንዳለበት የገባቸው በእንዲህ ያለ ሐዘን ነው።

ከዚያ በኋላ ገመድ ያዡ ገመዱን በወገቡ ወይም በትከሻው ዙሪያ አዙሮ በሰውነቱ ሰበቃ መውደቅን የሚገታበት ዘዴ ተለመደ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የሲየራ ክለብ አባላት ሆን ብለው እየወደቁ ተለማመዱ፤ ገመዱን በአንድ ጊዜ ቀጥ ከማድረግ ትንሽ እያስሾለኩ መግታት ለሚወድቀውም ለሚይዘውም እንደሚሻል አረጋገጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የሚለጠጠው የናይለን ገመድ መጣ። በ1970 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀርመናዊው ፍሪትስ ሽቲኽት ገመዱ ታጥፎ የሚያልፍባት፣ ሰበቃውን ከሰው ወገብ ላይ የምታነሣ ትንሽ የብረት ሳህን ሠራ። በ1991 እ.ኤ.አ. ፔትዝል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ግሪግሪ የተባለውን፣ ገመዱ በድንገት ሲሳብ ቆንጥጦ ለመያዝ የሚያግዝ መሣሪያ አወጣ። ይህ ሁሉ መሣሪያ እያለም አንዱ ሕግ አልተለወጠም፤ ገመዱን የሚገታው እጅ ለአፍታም አይለቅም።

የዳሞው ሁለተኛ ገመድ ከእነዚህ ሁሉ ቀላሉንና አስተማማኙን መንገድ ይከተላል፤ ያዡ ከላይ ነው። ከላይ የተያዘ ገመድ ሁልጊዜ ውጥር ሊሆን ይችላል። ገመዱ ሳይላላ ሰው ቢለቅ በገመዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል የሰውየውን ክብደት እጥፍ ያህል ቢደርስ ነው። አንድ ሁለት ሜትር ልል ካለ ግን ሰውየው በነጻ ይወድቅና ኃይሉ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ያዡንም ከቦታው ሊነቅለው ይችላል። ቆዳ ደግሞ እንደ ናይለን ተለጥጦ ድንጋጤውን አይውጥም። ስለዚህ የመነኩሴው ጥበብ ከጉልበቱ ይልቅ በትኩረቱ ነው። ገደሉ ዘንበል ባለበት እንግዳውን ባያየው እንኳ በገመዱ ክብደት ያውቀዋል፤ ሲቆም ይቆማል፣ ሲወጣ ይስባል። ይህን እንደ ተራ አገልግሎት ማለፍ ትልቅ እውቀትን መናቅ ይመስለኛል።

የገመዱ ዕቃም የአገራችን የረጅም ጊዜ ሙያ ውጤት ነው። የጠፍር አልጋ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ጥሬ ቆዳ ዙሪያውን እየተከተለ በአንድ ስለት ሲቆረጥ ሳይቀጠል ረጅም ጠፍር ይሆናል፤ ሲርስ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይከርራል። ጠፍሮቹ ተጎንጉነው አንዱ ቢሳሳ ሌላው ይሸከማል። ግን እርጥበት ያበሰብሰዋል፣ ድርቀትም ይሰነጥቀዋልና ዘወትር መመርመር ይፈልጋል።

ከዳሞ ወደ አዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲ ልምጣ። ክፍለ ከተማው የፋብሪካና የጭነት መኪና አገር ነው፤ የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ለዓመታት የሠራውም እዚሁ ነው። የቆዳ ጥንካሬ በማሽን ተስቦ በሚለካበት አካባቢ የዳሞ ጠፍር ምን ያህል እንደሚሸከም፣ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ተለክቶ ቢጻፍ ለገዳሙም ለታሪክም ይጠቅማል። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከቱሉ ዲምቱ እስከ ገላን ድንበር በሚነሡት ሕንፃዎች ላይ የሚሠሩት ወጣቶች ናቸው። በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቆመው ሲለስኑና ቀለም ሲቀቡ ከመንገድ ይታያሉ፤ ብዙዎቹ ወገባቸው ላይ ምንም የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የአደጋ መከላከያ ማቅረብንና አጠቃቀሙን ማስተማርን የአሠሪው ግዴታ አድርጓል፤ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት ያስገድዳል።

የደኅንነት ቀበቶ በታደለበት ቦታም ቢሆን መታየት ያለበት ገመዱ የት ላይ እንደታሰረ ነው። ሠራተኛው የቆመበት መወጣጫ ላይ ከሆነ፣ መወጣጫው ሲናድ ቀበቶውም ሰውየውም አብረው ይወርዳሉ። የደብረ ዳሞ መነኮሳት ሁለተኛውን ገመድ በመጀመሪያው ላይ አያስሩትም፤ ለብቻው፣ በሌላ ሰው እጅ ነው። በሕንፃ ላይም ገመዱ ከመወጣጫው ተለይቶ በሕንፃው ምሰሶ ላይ ይታሰር፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊትም በየጠዋቱ ቋጠሮውን በእጁ ስቦ የሚፈትሽ፣ ለዚህም ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ሰው ይመደብ።