ክህነት፣ መሥዋዕትና የጳጳስ ልመና



ካህን ማለት መሥዋዕትን ወደ እግዚአብሔር የሚያቀርብ ማለት ነው። በኦሪቱ ሥርዓት የአሮን ልጆች የበጉንና የወይፈኑን ደም በመሠዊያው ያፈሱ ነበር። የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ70 ዓመት፣ በሮማውያን እጅ ሲፈርስ ያ መሥዋዕት ተቋረጠ። በክርስቲያኖች እምነት ግን ክርስቶስ ካህኑም መሥዋዕቱም ራሱ ሆኖ አንድ ጊዜ ስለ ሁሉ ቀርቧል። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት ክህነቱን ከአሮን ሳይሆን ለአብርሃም ኅብስትና ወይን ካወጣው ከመልከ ጼዴቅ ጋር ማነጻጸሩም ስለዚህ ነው። በቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስትና ወይን የዚያው የአንዱ መሥዋዕት ነው።

ይህ ትምህርት ለሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን መንግሥታችንን ሲያስጨንቅ የኖረ ጉዳይ ነው። ይኸውም በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ቄሱን የሚክን፣ ታቦቱንም የሚባርክ ጳጳስ ነው። ጳጳሱን የሚሾመው ደግሞ የእስክንድርያ ፓትርያርክ ነበረ። አትናቴዎስ በአራተኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማን ከሾመ ጀምሮ ነገሩ በዚሁ ጸና። እንግዲህ አቡኑ ሲሞት፣ ምትኩም በመንገድ ጠንቅ ወይም በግብፅ ገዦች ፈቃድ ሲዘገይ፣ ያረጁት ቀሳውስት አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ የሚተካቸው የለም፤ መንበሩም ያለ መሥዋዕት ይቀራል።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ሀገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ አቡነ ማርቆስ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ቀሳውስትን ሲክኑ፣ በእቅፍ ያሉ ሕፃናትም ዲቁና ሲቀበሉ አይቶ ተገርሞ ጽፏል። መገረሙ አያስነቅፈውም። ዳሩ ግን ሌላ ጳጳስ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ወላጅ ልጁን ታቅፎ ቢሮጥ ምን ያስደንቃል?

ነገሥታቱም ዝም አላሉም። በ12ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ንጉሥ የጳጳሳቱ ቍጥር እንዲጨመር ቢጠይቅ፣ ፓትርያርክ ገብርኤል አሻፈረኝ አለ፤ ጳጳሳቱ ከበዙ የራሳቸውን ሊቀ ጳጳስ ይሾማሉ ብሎ ሠግቶ ነበርና። ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክለው ቀኖናም በፍትሐ ነገሥት በኒቅያ ጉባኤ ስም ይነበብ ነበር። የኒቅያ ጉባኤ የወሰናቸው ቀኖናዎች ግን 20 ብቻ ናቸው፤ ይህ ቃል ከእነርሱ ውስጥ አይገኝም። በእኔ አስተያየት አባቶቻችን ለዚያ ጽሑፍ መታዘዛቸው የዕውቀት ማነስ አልነበረም። ከእስክንድርያ ቢለዩ ክህነታቸው ይጠረጠራል፤ ክህነቱ ከተጠረጠረ ሕዝቡ በየእሑዱ የሚቀበለው ቍርባን ምን ሊባል ነው? ይህን ፍርሃት በቀላሉ ልንፈርድበት አይገባም።

በ1921 ዓ.ም. አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ በካይሮ ተሾሙ። ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ነገር ግን ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም። ከሰባት ዓመት በኋላ ጠላት ሀገሪቱን ሲወር፣ አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው ተገዙ ብለው ሕዝቡን እንዲያስተምሩ ቢጠየቁ እንቢ ብለው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተደበደቡ። አቡነ ሚካኤልም በጎሬ ተገደሉ። መሥዋዕት አቅራቢዎቹ ራሳቸው ቀረቡ።

ጣልያን ደግሞ የክህነቱን ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ተረድቶ፣ በ1930 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ለይቶ አቡነ አብርሃምን በራስነት አስቀመጠ። እስክንድርያም አወገዘቻቸው። ስለዚህ ከነጻነት በኋላ የጠላት ዘመን ሹመት ሁሉ አከራካሪ ሆነ። ድርድሩ ዓመታት ፈጅቶ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ፣ ጳጳሳትን የመሾም ሥልጣን ያላቸው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ በካይሮ ፓትርያርክ ተብለው ተቀቡ።