ሳይስቅ ያሳቀው ባስተር ኪተን

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፣ የነገሌ ቦረና ልጆች! የፊልቱና የዶሎ፣ የያቤሎና የሞያሌ ሰዎች፣ እናንተም ቀረብ በሉ። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ለሚሰማበት አገር፣ ሁሉንም ያለ አስተርጓሚ የሚያስቅ ሰው ታሪክ ላጫውታችሁ።

ባስተር ኪተን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ፣ ካንሳስ ተወለደ። ወላጆቹ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ የመድረክ ሰዎች ነበሩ። ልጁ ገና ጨቅላ ሳለ መድረክ ወጣ። አባትየው አንስቶ ይወረውረዋል፤ ለመያዣ እንዲመች ብለው ከልብሱ ጀርባ የሻንጣ እጀታ ሰፍተውለታል! ልጁ ወድቆ ይነሳል። አንድ ነገርም ልብ አለ፦ እሱ ከሳቀ የሕዝቡ ሳቅ ይቀንሳል፤ እሱ ኮስተር ካለ አዳራሹ ይናወጣል። በቃ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ኖረ።

በ1917 ከኮሜዲያኑ ሮስኮ አርባክል ጋር ፊልም ጀመረ። ፊልም ያኔ ድምፅ የለውም፤ የሚናገረው ገላ ነው። በ1924 «ሸርሎክ ጁኒየር»ን ሲሠራ፣ ከባቡር ጣቢያ የውኃ ማማ የወረደ ውኃ ሐዲዱ ላይ ጣለው። ራሱን ቢያመውም ሥራውን ቀጠለ። አንገቱ ተሰብሮ እንደነበር የታወቀው ከዓመታት በኋላ ራጅ ሲነሳ ነው!

በ1928 በወጣው «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ደግሞ አውሎ ነፋስ ከተማውን ያምሳል። ኪተን ቤት ፊት ለፊት ቆሟል። ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝነው የቤቱ ግንባር እንዳለ ተገንድሶ ይወርድበታል። ያተረፈችው አንዲት ክፍት መስኮት ናት፤ በትከሻው በኩል ለጥቂት አለፈች። ግድግዳው እውነተኛ፣ የቆመውም ራሱ ነው።

በ1926ቱ «ዘ ጀነራል» እውነተኛ ባቡር ከሚቃጠል ድልድይ ወንዝ ውስጥ ከተተ። የዘመኑ ተመልካች ግን ፊት ነሳው፤ ፊልሙ ከሰረ። በ1928 ለትልቁ ኩባንያ ኤምጂኤም ፈረመና በሥራው ላይ የነበረውን ሥልጣን አጣ። መጠጥ ጣለው፤ ትዳሩ ፈረሰ። መነሳት ግን የልጅነት ሙያው ነው! የቆዩ ፊልሞቹ እንደገና ወጡ፤ በ1960 የክብር ኦስካር ተሸለመ። በ1966 አረፈ።

ወገኖቼ፣ ሳቁ ያላረጀው በገዛ ገላው ስለከፈለበት ነው። «ዘ ጀነራል»ን ፈልጉና ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ የተደከመበት ሥራ አገር እንደማይመርጥ በዓይናቸው ይዩት።