ከቾፓው የመጣው ድምፅ፦ የናይትሮ ባጊ ሞተርና ቅኝቱ

ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ፣ ከኬምኒትዝ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ቾፓው የምትባል ከተማ አለች። ዊልዴክ በሚባለው አሮጌ ግንብ ውስጥ የሞተር ብስክሌት ሙዚየም አላት። በሪሞት የሚነዱ መኪኖችን የሚያሽቀዳድሙ ሰዎች ግን ስሟን ሲያነሱ አይሰማም። የሚያወሩት ስለ ጃፓኖቹ ኪዮሾና ሙገን ሴይኪ፣ ስለ ጣሊያኑ ኖቫሮሲ ነው። እኔ የናይትሮ ባጊ ታሪክ ከቾፓው መጀመር አለበት ባይ ነኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ አካባቢ የመጣሁት በደርግ ጊዜ ለሙያ ትምህርት ነው፤ ኬምኒትዝ ያኔ ካርል ማርክስ ሽታት ትባል ነበር። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴ እያቀበልኩ ስላደግሁ ሞተር አዲስ ነገር አልሆነብኝም። ትርፍ ጊዜዬን የወሰደችው ግን ትንሿ ባጊ ናት። መጠኗ የእውነተኛ መኪና አንድ ስምንተኛ ነው፤ አራቱም ጎማዎቿ ይነዳሉ፤ በውድድር ሕግ ክብደቷ ከ3.2 ኪሎ ማነስ፣ ሞተሯ ከ3.5 ሲሲ፣ የነዳጅ ጋኗም ከ125 ሲሲ መብለጥ የለበትም። ሞተሯ በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ይህ ሁሉ ጉልበት ቡጢ ከምታህል ብረት እንዴት ይወጣል ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ፍለጋ ቾፓው ይደርሳል።

ዴንማርካዊው ዮርገን ስካፍተ ራስሙሰን እዚያ ያቋቋመው ዴካቬ በ1920ዎቹ መጨረሻ በዓለም ትልቁ የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ነበር። የሚሠራውም ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ቫልቭ ስለሌለው አንድ የቆየ ችግር አለበት፦ አዲሱ ነዳጅና አየር ሲገባ የተቃጠለው ጭስ ገና እየወጣ ስለሆነ ሁለቱ በር ላይ ይገናኛሉ፤ ያልተቃጠለው ነዳጅም አብሮ ይወጣል። የድሮ ሞተር ሠሪዎች መፍትሔ ፒስተኑ አናት ላይ ጉብታ ማብቀል ነበር። ጉብታው ግን ፒስተኑን ያከብደዋል፣ ያግለዋልም። አዶልፍ ሽኑርለ የተባለው የዶይትዝ ኩባንያ መሐንዲስ በ1920ዎቹ የተሻለ ዘዴ አመጣ፦ ማስገቢያዎቹን ከማስወጫው ግራና ቀኝ አድርጎ፣ አየሩን ወደ ኋለኛው ግድግዳ አጋድሎ መላክ። አየሩ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ጭሱንም ከፊቱ እየገፋ ያስወጣዋል። ዴካቬ ፈቃዱን ገዝቶ በ1930ዎቹ ሞተሮቹ ላይ አዋለው። ዛሬ የባጊ ሞተር ፈታችሁ ሲሊንደሩን ወደ መብራት ብታነሱት እነዚያን ያጋደሉ መስኮቶች ታያላችሁ። ፒስተኑም አናቱ ጉብታ አልባ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ያው ፋብሪካ ኤም.ዜድ. ሆነ፤ በ1950ዎቹ የእሽቅድምድም ክፍሉን ቫልተር ካደን ያዘው። ስለዚህ ሰው ሳስብ ልቤ ይሞቃል። ገንዘብ የለው፣ ጥሩ ብረት እንደልብ አያገኝ፣ ግን ጭስ የሚወጣበትን ቱቦ ከማንም በላይ አጠናው። ጭሱ ከሲሊንደር ሲፈነዳ የግፊት ሞገድ ይሆናል፤ ቱቦው ሲሰፋ ሞገዱ እየሳበ ይመለሳል፣ ሲጠብ ደግሞ እየገፋ ይመለሳል። የስፋቱና የጥበቱ ቦታ በልክ ከተቀመጠ ስበቱ ሲሊንደሩን ያጸዳል፤ ግፊቱም አፈትልኮ የወጣውን አዲስ ነዳጅ በሩ ሊዘጋ ሲል መልሶ ያስገባዋል። ካደን በ1961 ከ125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት አወጣ፤ በሊትር ሲሰላ 200 ማለት ነው። በዚያው ዓመት የቡድኑ ነጂ ኤርንስት ዴግነር የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን ተቃርቦ ሳለ፣ በስዊድን ውድድር ሰሞን ወደ ምዕራብ ከድቶ እውቀቱን ለሱዙኪ ወሰደ። በተከታዩ ዓመት በ50 ሲሲ ሱዙኪን ለመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ አበቃ። ካደን ግን እዚሁ ቀረ፣ ሥራውንም ቀጠለ።

ያ ቱቦ ነው ባጊዋ ጎን ላይ እንደ ጠርሙስ ሆዱ ተነፍቶ የሚታየው ማርሚታ። ሞተሩ 30,000 ዙር ሲደርስ አንዱ ዙር የሚፈጀው 2 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ሞገዱም በዚያች ቅጽበት ሄዶ መመለስ አለበት። ለዚህ ነው ከሲሊንደር እስከ ማርሚታው ሆድ ያለው ርቀት በጥቂት ሚሊሜትር ሲያጥር ጉልበቱ ወደ ከፍተኛ ዙር የሚሸሸው፣ ሲረዝም ደግሞ ወደ ዝቅተኛው የሚወርደው።

እሳቱ ደግሞ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ትንንሽ የአውሮፕላን ሞዴሎች ቀድሞ ባትሪ፣ ኮይልና ኮንደንሰር ተሸክመው ይበሩ ነበር። ሬይ አርደን በ1947 ያወጣው ካንዴላ ይህን ሸክም አስቀረ። ካንዴላው ውስጥ ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ተጠምጥሟል። በ1.5 ቮልት ባትሪ ይግላል፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪው ይነቀላል፤ ሜታኖልና ፕላቲነም ሲገናኙ ሙቀት ስለሚፈጥሩ ሽቦው ግሎ ይቀራል። ነዳጁ ሜታኖል ነው፤ ማለስለሻው ዘይት እዚያው ይደባለቃል። ድሮ ዘይቱ የጉሎ ዘይት ብቻ ነበር፤ ዛሬም ብዙዎቹ ቅይጦች ውስጥ አለ፤ ሽታውን አንዴ ያሸተተ አይረሳውም። ሦስተኛው ናይትሮሜቴን ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፣ ሜታኖል 6.5 ገደማ፣ ናይትሮሜቴን 1.7 ብቻ፤ ኦክስጅኑን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ። ስለዚህ በዚያው አየር ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል።

ሁለቱን መንገዶች ያገናኙት ሞዴል አብራሪዎች ናቸው። አሜሪካዊው ቢል ዊስኒየውስኪ በ1960ዎቹ አጋማሽ በገመድ ተይዘው በሚበሩ የፍጥነት አውሮፕላኖቹ ላይ የተቃኘ ማርሚታና አዲስ ዓይነት ሲሊንደር ተጠቀመ፦ ፒስተኑ አሉሚኒየም፣ ሲሊንደሩ በክሮም የተለበጠ ናስ። ሲሊንደሩ ወደ አናቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ሲሞቅ ሲሊንደሩ ከፒስተኑ የበለጠ ስለሚሰፋ ልኩ የሚስተካከለው በሥራ ሙቀት ላይ ነው። አዲስ ሞተር ሲቀዘቅዝ አናቱ ላይ የሚጨብጠው ለዚህ ነው። ሳያሞቁ በግድ ማስነሳት ቢየላውን ይጎዳል።

መኪኖቹ በ1970ዎቹ በአስፋልት ላይ ጀመሩ፤ በእንግሊዝ ማርዴቭ፣ በካሊፎርኒያ አሶሼትድ። ወደ አፈር የወጡት በ1980ዎቹ ሲሆን፣ በ1986 በፈረንሳይዋ ግሬኖብል የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተደረገ። ቀጥሎ የኪዮሾ ኢንፈርኖ መጣች፤ ዩይቺ ካናይ ነድፎም ነድቶም ለዓመታት አሻሻላት። የዚያን ዘመን ባጊ ሳይ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ቀድሞ ለብቻው ተገዝቶ የሚገጠመው ማሻሻያ፣ ኩሽኔታውም ሆነ ትልልቁ አሞርዛተር፣ ዛሬ ከሳጥኑ ውስጥ አብሮ ይወጣል። የአማተሮቹ ፈጠራ ሁሉ ፋብሪካ ገብቷል። ፋብሪካ ሊገባ ያልቻለው የካርቡራቶሩን የነዳጅ መርፌዎች መቃኘት ብቻ ነው፤ አየሩ በየቀኑ ይለዋወጣላ። አዲስ አበባ ላይ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ መርፌው ከኬምኒትዝ የበለጠ መዘጋት አለበት።

ባለፈው ጸደይ የጓደኛዬ ልጅ ባጊውን ይዞ ሜዳ ላይ አገኘኝ።

«ጋሼ፣ ሁሉንም ቀየርኩት፣ ግን ከድሮው ባሰ።»

«ምን ምን ቀየርክ?»

«ማርሚታውን፣ የፍሪሲዮኑን ጫማና ሞላ፣ የሞተሩን ክዳን።»

«መርፌዎቹንስ?»

«እነሱማ ከፋብሪካ እንደመጡ ናቸው።»

በመጀመሪያ ማርሚታው ላይ የአውሮፓው ማኅበር ኢፍራ የሰጠው ቁጥር መቀረጹን አየሁ። ቁጥሩ ድምፁ ተለክቶ መፈቀዱን ያሳያል፤ ከሌለ ውድድር አይገባም። ነበረው። ከዚያ ሞተሩን አስነስተን ጥቂት ዙር ነዳነው። ባጊዋ ከመዞሪያ ስትወጣ ትንፋሽ አጠራት፣ ድፍን ጭስ ለቀቀች፣ ከዚያ በኋላ ነው የተነሳችው። በሚኒሞ እንዳለች የነዳጁን ቱቦ በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ ያዝኩ። ሦስት ሰከንድ አካባቢ ቆይቶ፣ ዙሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢጠፋ ደግ ነበር፤ ይህ ሞተር ግን ረጅም ጊዜ ቆየ፤ በዝቅተኛ ዙር ነዳጅ በዝቶበታል። የታችኛውን መርፌ የአንድ ዙር ስምንተኛ ዘጋሁ። ያን ጊዜ ሚኒሞው ወደ ላይ ስለሚሸሽ ብሎኑን ትንሽ መለስኩ። አሁን ቀጥታው መንገድ ላይ ዋናውን መርፌ በጥቂት በጥቂቱ እያጠበብን፣ ድምፁ ከጉርምርምታ ወደ ጥርት ያለ ጩኸት ሲሻገር አዳመጥን። ቀጭን የጭስ መስመር ከኋላዋ እስካልጠፋ ድረስ ሞተሩ ዘይት አለው። ሙቀቱ ካንዴላው አጠገብ 110 ዲግሪ ሆነ። ካንዴላውን ፈትቼ ሽቦውን አሳየሁት፤ ያንጸባርቃል፣ አልተጣመመም። ደብዝዞ ቢጣመም ኖሮ ነዳጅ እንዳነሰው እናውቅ ነበር። ልጁ የገዛው ማርሚታ ጥሩ ነው፤ ጥሩነቱ የተሰማው ግን ያኔ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ለውጥ መጥቷል። ናይትሮሜቴን ለፈንጂ መሥሪያ ሊውል ስለሚችል የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2019/1148 ከየካቲት 2021 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ለሚገዛ ሰው ጣሪያውን ከ30 ወደ 16 በመቶ አወረደው። በ25 በመቶ የለመደ ሰው ቅኝቱን ከሥር መጀመር ነበረበት። ናይትሮው ሲቀንስ ሞተሩ የሚጠጣው ነዳጅ ስለሚቀንስ መርፌው ይጠባል፤ የጠፋውን ጉልበት በከፊል ለመመለስ ከክዳኑ ሥር 0.1 ሚሊሜትር ቀለበት ይወጣና ግፊቱ ይጨምራል። ብዙ ሰው አዘነ። እኔ ግን ጥቅሙን አየሁት፦ ነዳጅ ይቆጥባል። የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ጋኑ 8 ደቂቃ የሚያስኬድ ከሆነ 7 ጊዜ ቆሞ መሙላት ነው፤ 10 ደቂቃ ካስኬደ ግን 5 ጊዜ ይበቃል። ስለዚህ ዛሬ ሞተር ሠሪዎች ከጉልበት ይልቅ ነዳጅ ቁጠባ ላይ ያተኩራሉ፤ ከካርቡራቶሩ አፍ ውስጥ የሚገባው ማጥበቢያ ቀለበትም በየልኩ ይሸጣል። የጓደኛዬ ልጅ ቀጥሎ ሊገዛ ያሰበው እሱን ነው፤ 6.5 ሚሊሜትሩን ይጀምርበት ብዬዋለሁ።