«አቆመ» የሚለው ግስ፦ ዕፅዋትና የዕጢ የደም ሥር በታሪክ



በማነባቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «የዕፁ ጭማቂ የዕጢውን የደም ሥር እድገት አቆመ።» ዛሬ ከዚህ «አቆመ» ከሚለው ግስ ጀርባ ያለውን ታሪክ ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ከእንስሳ ተወስዶ በቤተ ሙከራ በሕይወት እንዲቆይ በተደረገ የሰውነት ክፍል ላይ የካንሰር ሕዋሳትን ሲያሳድጉ፣ ዕጢዎቹ ገና እጅግ ትንሽ ሳሉ እድገታቸው እንደሚገታ አስተዋሉ። በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ዕጢ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር አልፎ ለማደግ አዲስ የደም ሥር ወደ ራሱ መሳብ እንዳለበት፣ ይህን መከልከልም ሕክምና ሊሆን እንደሚችል ገለጹ። ብዙዎች ተጠራጠሩ። በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተው ቤቫሲዙማብ በአሜሪካ ለተሠራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር የተፈቀደው በ2004፣ ከ33 ዓመታት በኋላ ነው። እርሱም ከዕፅ የተገኘ ሳይሆን በቤተ ሙከራ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ነው።

ከዕፅዋት ከተገኙት መካከል ብዙ ተስፋ ከተጣለባቸው አንዱ ኮምብሬታስታቲን ኤ-4 ነው። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ ፔቲት ቡድን ከአንድ የደቡብ አፍሪካ ዛፍ አንጥሮ ያወጣውን ይህን ውህድ በ1989 ይፋ አደረገ። ውህዱ ቱቡሊን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ፣ የዕጢውን የደም ሥር ከውስጥ የሚሸፍኑትን ሕዋሳት ቅርጽ ያፈርሳል፤ በሰዓታት ውስጥም የደም ፍሰቱ ይቋረጣል። ልብ በሉ፤ ይህ አዲስ ሥር እንዳይበቅል መከልከል ሳይሆን ያለውን ሥር መዝጋት ነው። በእንስሳት ላይ የዕጢው መሃል ሲሞት፣ ከአጠገቡ ካለው ጤናማ አካል ደም የሚያገኘው ቀጭን ጠርዝ ግን ተርፎ እንደገና አደገ። ውህዱ በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሟ ፎስፌት ተጨምሮበት በሕሙማን ላይ ተሞከረ፤ መደበኛ የካንሰር ሕክምና ለመሆን ግን አልበቃም።

ይህን የምናገረው የራሴን ጥፋት ይዤ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ የቅጠል ጭማቂ በጫጩት ሽል ሽፋን ላይ የደም ሥሮችን ሲቀንስ አሳየኝ። በደስታ ለጎረቤቶቼ «ያቆማል» ብዬ አወራሁ። ከሰሙኝ መካከል አንዲት እናት ጡታቸው ላይ እብጠት ነበረባቸው፤ አላወቅሁም። ቅጠሉን እያፈሉ ሲጠጡ ወራት አለፉ። በኋላ ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ «አንተ አይደለህ፣ ልጄ፣ ያቆማል ያልከው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኛ አባሎ የምንለው ዛፍ ከዚያ ከደቡብ አፍሪካው ዛፍ ጋር የአንድ ወገን ዝርያ ነው። ዝምድናው ለማጥናት በቂ ምክንያት ነው፤ ለመጠጣት ግን ማስረጃ አይሆንም። ቁስል ሲድንና ጽንስ ሲያድግም አዲስ የደም ሥር ያስፈልጋልና፣ የዕጢውን የሚከለክል ነገር የጤናማውን አካል ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ «አቆመ» ብላችሁ ስትጽፉ በምን ላይ፣ በምን ያህል መጠን፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ጤናማውን ሥር ምን አድርጎ የሚለውን አብራችሁ ጻፉ። ጽሑፋችሁን ከፈታኞቻችሁ ሌላ የሚጠብቀው ሰው አለ።