የትምህርት ቤት ግቢ ጥላ፤ ታሪኩና የበጀት ጥያቄው

በአገራችን ትምህርት ከክፍል አስቀድሞ በዛፍ ጥላ ሥር ይሰጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በየደብሩ የኔታ ከጽድ፣ ከወይራ ወይም ከዋርካ ሥር ተቀምጠው ፊደል ሲያስቆጥሩ፣ ዳዊት ሲያስደግሙ፣ ዛፉ በጣሪያ ፈንታ አገልግሏል። ዛፉን የሚጠብቀው ደብሩ ስለ ነበረ ጥላው ባለቤት ነበረው።

ከ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ዘመናዊው ትምህርት በክፍል ውስጥ ተደራጀ። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ዕቅድ በክፍል ብዛት፣ በወንበርና በቆርቆሮ ሲሰላ፣ ግቢው በአብዛኛው ከሒሳቡ ውጭ ቀረ።

በ1880ዎቹ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ይህን ጉድለት የሞላ መስሎ ነበር። ቶሎ ያድጋል፤ አጣናውም ተሸጦ ለትምህርት ቤቱ ገቢ ይሆናል። ይሁን እንጂ ቅጠሉ ቁልቁል የሚንጠለጠል በመሆኑ ጥላው ስስ ነው፤ ለገበያ የተተከለውም ሳይንሰራፋ ይቆረጣል። ስለዚህ የገቢ ዛፍና የጥላ ዛፍ ተለያይተው ሊታቀዱ ይገባል።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ፣ ክፍል ባልተገኘበት ስፍራ ዛፍና ዳስ እንደገና መማሪያ ሆኑ። ይህም ጥላ ጌጥ ሳይሆን የትምህርት መሣሪያ መሆኑን አስመስክሯል።

የፀሐይዋም አካሄድ ይህንኑ ያጸናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናት በላይ ትሆናለች። ያን ጊዜ የግድግዳ ጥላ ከመሠረቱ አይርቅም፤ ተማሪውን የሚያስጠልለው ከላይ የተዘረጋ ቅርንጫፍ ወይም ዳስ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ክፍሉን የሚያግለው የምዕራብ ፀሐይ ስለ ሆነ፣ በዚያ ወገን ዛፍ መትከል ይጠቅማል።

ስለ ገንዘቡ ስንመለከት፣ በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ ለትምህርት ቤቶች ሰጥቷል፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብርም ችግኝ መትከልን አስፋፍቷል። ሆኖም ከወጪው ሁሉ ትንሹ የችግኙ ዋጋ ነው። ከባዱ ወጪ የሚመጣው ከተከላ በኋላ ሲሆን፣ ይኸውም ፍየል የሚከላከል አጥር፣ ለመጀመሪያዎቹ በጋዎች የሚሆን ውሃና የጠባቂ ደመወዝ ነው። ለተከላ ብቻ የተመደበ በጀት በየክረምቱ ያንኑ ጉድጓድ ከማስቆፈር አያልፍም።

እንግዲህ ዕቅድ አውጪዎች አዲስ ክፍል ሲያስቡ ጥላውን በዚያው ሰነድ እንዲያሰፍሩ፣ ርእሳነ መምህራንም በግቢው ዳር ከሚቆረጠው ባሕር ዛፍ ገቢ ለጥላ ዛፎች ጥበቃ ድርሻ እንዲለዩ ያስፈልጋል። ዛፉ እስኪንሰራፋም ዳሱ ያገለግላል። ደብሩ ለጥላው ባለቤት እንደ ነበረው ሁሉ፣ ትምህርት ቤቱም ሊሆንለት ይገባል።